ከበሮው ዝግ ያለበት ዓመት

ባሏ አርካዲ በሞተ በዘጠነኛው ቀን ለኬሻ በሩን የከፈተችለት ሪማ ራሷ ነበረች፤ መልሳ የዘጋችበትም እሷው ናት። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው።

«አርባው ላይ እዚሁ ተሰብስበን አንድ ዘፈን እንዝፈንለት» አላት ኬሻ፣ ቆቡን አውልቆ። አምስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም።

«ከበሮውን የቀማኸው አንተ፣ ዘፋኙም አንተ?»

«ሪማ፣ ስሚኝ…»

«አልሰማም። ባሌን ጥግ አስቀምጠህ እጁን አሰርክበት፤ እጁ ዛለ፣ ከዚያ ልቡ ተከተለ። አሁን ደግሞ በአርባው ልትዘፍንበት አማረህ። ሂድ ወደ ቤትህ።»

ኬሻ ቆቡን በእጁ አዟዟረው። «እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ሳትፈቅጂ የአርካዲ ከበሮ ላይ ማንም አይቀመጥም። ከራፊክ ጋር ተማክረናል። አርባው ላይ እሺ ካላልሽ ባንዳችን ‹ስድስተኛው ፎቅ› በአርባ ዓመቱ ተዘጋ።»

«ዝጉት» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሳሎን ውስጥ እንግዶቹ ብሊን የተባለውን ስስ ቂጣ በማንኪያ እየቆረሱ ይበላሉ፤ ለቅሶ ቤት ሹካና ቢላ አይቀርብም። መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። የአርካዲ ፎቶ ፊት አንድ ብርጭቆ ቮድካ፣ ላዩ ላይ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ ተቀምጧል። ከታች፣ ከአራተኛ ፎቅ የመጣችው የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ሴራፊማ ፔትሮቭና የማር ንፍሮዋን እያላመጠች ቀና አለች።

«ማን ነው የመጣው?»

«ተሳስቶ ነው።»

«አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሳስቶ የሚወጣ ሰው ዛሬ ሰማሁ» አለች አሮጊቷ፣ ወደ ንፍሮዋ ተመልሳ።

እንግዳ ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሪማ አልሳቀችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በረጅሙ የሳይቤሪያ ባቡር ላይ ስታስተናግድ ሰካራም ወታደር በኮሌታው ይዛ ያወረደች ሴት ናት፤ ያመነችበትን ነገር በቀላሉ አትለቅም።

«ያን ቀን ሚሊሺያ ልጠራባችሁ ነበር እኮ» አለች ሴራፊማ፣ ለሪማ ሳይሆን ለፎቶው። «ጫማዬን ሁሉ አድርጌ ነበር።»

የትኛውን ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ ያሰበ የለም። የፔርም ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ገና አልፈረሰችም። ኬሻ የፋብሪካ ማሽን ሠራተኛ፣ አርካዲ በያጅ፣ ራፊክ ስልክ ጠጋኝ ነበሩ። ጊታሩን ከምግብ ጠረጴዛ ሳንቃ ሠሩት። ድምፅ የሚይዝለትን ማግኔት ራፊክ ከመንገድ ስልክ እጀታ እየነቀለ አመጣ፤ በዚያ ክረምት በሰፈሩ የሚሠራ የመንገድ ስልክ አንድም አልቀረም። ከበሮው ደግሞ የተማሪ ሰልፍ ትንሽ ከበሮ ነው፣ ከትምህርት ቤት «ለጥገና» የወጣ። አንድ እሑድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በዚሁ ሳሎን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው የቴፕ መቅረጫውን ከፈቱ። ቤቱ ባለ አምስት ፎቅ ስለሆነ፣ እኛ ግን ከዚያ በላይ ነን ብለው ራሳቸውን ስድስተኛው ፎቅ አሉ። ጉራ ነው መቼም፤ ግን ወጣትነት ያለ ጉራ ምኑ ይጥማል።

ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሴራፊማ በንዴት ጭልፋዋን አንስታ ከፎቅ ፎቅ የሚያልፈውን የማሞቂያ ቧንቧ ሁለቴ ደበደበችው። ኬሻ ደንግጦ አፉን ዘጋ። አርካዲ ግን እጁን ወደ መስኮቱ ሥር ዘርግቶ ማሞቂያውን በከበሮ ዱላው ሦስቴ መታና ጠበቀ። ሴራፊማ ሁለቴ መለሰች። ሦስት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቴፑ እየዞረ ነበር።

ያ ቴፕ ከእጅ ወደ እጅ ተገልብጦ አገር ለአገር ዞረ። ሪማ ከቤቷ ሦስት ቀን ርቃ በምትሄድበት ባቡር ውስጥ ከአንድ ወታደር መቅረጫ የጎረቤቷን ጭልፋ ሰማች። ሻይ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች። «የባሌ እጅ ነው» አለችው ወታደሩን። ወታደሩ አላመናትም።

ከዚያ አገሩ ፈረሰ፣ ፋብሪካውም ተዘጋ፣ የፋብሪካው ጩኸት ወደ እነሱ ዘፈን ገባ። አርካዲ ትልልቅ የጀርመን ከበሮዎች ገዛ። በአንድ ምሽት ሦስት ጥንድ ዱላ ይሰብር ነበር። ሪማ ከባቡር ወርዳ አዳራሹ ውስጥ ስትቆም ምቱ ደረቷ ላይ ያርፍባታል፤ ያን ያህል የወደደችው ነገር በዕድሜዋ የለም።

ታዲያ አንድ የመጸው ወር ኬሻ ብድግ ብሎ፣ ጉሮሮዬን ሐኪም ከልክሎኛል፣ ከእንግዲህ አልጮህም አለ። ዘፈኖቹ ሁሉ ዝግ አሉ። አኮርዲዮን ገባ። አርካዲ ዱላውን አስቀምጦ በሽቦ ብሩሽ ከበሮውን ይዳስስ ጀመር። ጋዜጣው «በሰሉ» ብሎ ጻፈ። በዚያው ክረምት ግን ሪማ ሆኪ ጨዋታ ላይ ከኬሻ ጎን ተቀምጣ፣ ሰውዬው ሦስቱንም ክፍለ ጊዜ እንደ በሬ ሲያጓራ በጆሮዋ ሰማች። ጉሮሮው ጤነኛ ነው። የራሱ ግጥም እንዲሰማለት የባሏን ነጎድጓድ አጠፋ። ቂም የያዘችው ያን ቀን ነው። ከዓመታት በኋላ የአርካዲ እጅ መንቀጥቀጡ ሲታወቅ ነገሩ ተያያዘላት፤ ያልሠራ እጅ ይዝላል። ለኬሻ ፊት ለፊት ነገረችው፣ ያውም ደጋግማ። ኬሻ አንድም ቀን አልመለሰላትም፤ ዝምታውን ጥፋተኛነቱ ነው አለች።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ለድሃ የሚሰጠውን ልብስ ስትለይ የዱላ ቦርሳውን ከፈተችው። ከላይ ብሩሾቹ አሉ። ከሥራቸው ያገኘቻቸው ዱላዎች ግን መያዣቸው በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተጠቅልሎ የዶማ እጀታ ያክላል፤ መጨበጥ ያቃተው ሰው የሚይዘው ዓይነት። ከቦርሳው ግርጌ የተጣጠፈ የሐኪም ወረቀት ወጣ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እየጨመረ የሚሄድ። ቀኑን አየችው። ከዚያ ጸጥተኛ መጸው በፊት፣ በዚያው ዓመት ጸደይ የተጻፈ ነው።

ገለበጠችው። በኬሻ የእጅ ጽሑፍ የዘፈን ስም ተደርድሯል፣ በየስሙ አጠገብም፦ «ይሄ ይችለዋል።» «ይሄ አይሆንለትም፣ ይውጣ።» «ይሄን ዝግ እናድርገው።» የመጨረሻው መስመር ላይ «ምክንያቱ የኔ ጉሮሮ ነው በሉ» ይላል።

ሪማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አርካዲ ሻዩን ሁልጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ነበር የሚቀዳው። እሷም ባቡር ላይ «ባሌ ሻይ ይቆጥባል» እያለች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር። ለካ እንዳይፈስበት ነበር! አፈረች። ከማፈሯም ይልቅ ቀናች፤ ከእሷ ቀድሞ ሌላ ሰው አውቆለት ነበር።

ስልኩን አነሳች። «አርባው እሑድ ነው። ና።»

«ዘፈኑስ?» አለ ኬሻ።

«መጀመሪያ ና።»

እሑድ ከራፊክ ጋር መጡ። ጊታሩ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ሪማ ኬሻን እጅጌውን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችውና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ጉሮሮህን ምን አሞህ ነበር?»

አየውና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ምንም።»

«ስንት ዓመት ሰደብኩህ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ለምን አፍህ ተለጎመ?»

«አርካዲ አስማለኝ። ካወቀች ከባቡሩ ትወርዳለች፣ ሥራዋን ትታ እኔን ስታስታምም ትኖራለች፣ ባቡሩን ደግሞ ትወደዋለች አለ።»

ሪማ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። «እውነቱን ነው፤ እወርድ ነበር» አለች። «አንተስ? ያን ሁሉ ስድብ እንዴት ቻልከው?»

«ድሮም ጯሂ ነሽ። ለምጄዋለሁ።»

ሳታስበው ሳቀች፣ ሳቋ ውስጥ እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «ይቅር በለኝ፣ ኬሻ።»

«ተይው እሱን። ብሊንሽ ይቀዘቅዛል።»

«ለከበሮው ልጅ ፈልጉ» አለችው፣ ሳህኑን እያነሳች። «እጁ ጥሩ ይሁን፣ ልታይ ልታይ አይበል።»

ማዕዱ ላይ ቆመው ለአርካዲ ጠጡ፤ ብርጭቆ አላጋጩም። «መንግሥተ ሰማያት ያውርሰው» ተባለ። ሴራፊማ ወገቧን ስለያዛት ቀደም ብላ ተነሳች። «ወርጄ ጋደም ልበል። ጆሮዬ ሌላውን ሁሉ ትቷል፣ ያን ቧንቧ ግን አልተወም» ብላ ምርኩዟን እያስቀደመች ወረደች።

ራፊክ ጊታሩን አመጣ። ኬሻ ተቀምጦ ያን የመጀመሪያውን ዘፈን በአሁኑ ዝግ ባለው ድምፅ ጀመረው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ የአርካዲ ሦስት ምት ነበረ።

ሪማ ማንኪያዋን እንደያዘች ተነሳች፣ መስኮቱ ሥር ተንበረከከችና ማሞቂያውን ሦስቴ መታችው፤ አጥብቃ፣ በነጎድጓዱ ዘመን ትወደው እንደነበረው። ጠበቀች። ብረቱ በመዳፏ ሥር ይሞቃል።

ከታች በጭልፋ ሁለቴ ተመለሰ።

ኬሻ ዘፈኑን ቀጠለ። ቀጣዩ ቦታ ሲደርስ ሪማ ማንኪያውን ገልብጣ በጀርባው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ስትጠላው በኖረችው ምት፣ ዝግ አድርጋ ሦስቴ ነካችው።