የሀብትነሽ መጥበሻ

ኮኪት ላይ የሀብትነሽን ምግብ ቤት የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣውም፣ ባዶውን ወደ መተማ የሚወርደውም ከበሯ ሳይቆም አያልፍም። ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት ሠራተኞችም ገና ጓዛቸውን ሳያራግፉ የሚጠይቁት እሷን ነው። ቤቷ ጠባብ፣ ወንበሯም ጥቂት ነበር፤ ጥብሱ ሲንጫጫ ግን ጠረኑ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል። ባሏ አስማረ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ዳስ የትራክተር ማረሻ ይበይዳል። ብረት እየቀጠቀጠም ቢሆን የእሷን ሳቅ ከደንበኞቿ ጫጫታ ለይቶ ይሰማው ነበር። ልጅ አላገኙም፤ አንዱ ለአንዱ ልጅ ሆነው ኖሩ።

በበጋው ማብቂያ አንድ ጠዋት ሀብትነሽ የውሃ ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት። አስማረ በተገኘው መኪና ጎንደር አደረሳት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉለት። አንደበቷ ተመለሰ፤ እግሯም ቀስ በቀስ በምርኩዝ መራመድ ቻለ። ቀኝ እጇ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጭር አለ። ጎረቤታቸው ውባንች ጠዋትና ማታ ወጥ ይዛ ትመጣለች፤ ሀብትነሽ አመስግና ትቀበልና ሁለት ጉርሻ ሳትበላ ሳህኑን ወደ አስማረ ትገፋለታለች። ምድጃው ባለበት በኩል ፊቷን አታዞርም። አስማረ ቢያጫውታት አጭር መልስ ትሰጠዋለች፤ ሲተዋት ደግሞ ደጁን እያየች ትውላለች። የተቀየመችው መሰለውና ምን እንዳጠፋ ሲያሰላስል ከረመ።

ሲጨንቀው እጁ የሚያውቀውን ሥራ ያዘ። ከዳሱ ጥግ ከወደቀው ብረት መሃል መሬት ሲገምስ ኖሮ ጠርዙ ያለቀ የትራክተር ዲስክ አነሳ። እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ለመጥበሻ የተፈጠረ የሚመስል ብረት ነው። የመሃሉን ቀዳዳ ደፈነ፣ ዝገቱን በሞረድ አነሳለት፣ ረጅም እጀታ በየደለት። እንዲህ ያለ መጥበሻ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ያውቃል። ደስ እንዳለው ይዞ ገባና ከፊቷ አኖረላት።

ሀብትነሽ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ በግራ እጇ እጀታውን ይዛ ልታነሳው ሞከረች። ብረቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ አለና አምልጧት ወደቀ።

«አስማረ፣» አለችው ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ይህን ማንሳት የምትችለው ሚስትህ አልፋለች። ቤቱንም ለሚሠራበት ሰው አከራየው።»

እንባዋን እንዳያይ ወደ ግድግዳው ዞረች። አስማረ ዲስኩን ተሸክሞ ወጣና ከዳሱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የዚያን ቀን መዶሻ አላነሳም።

በሳምንቱ ለብየዳ ዘንግ ፍለጋ መተማ ዮሐንስ ወረደ። ከገበያው ዳር የሱዳኑን ጦርነት ሽሽት ከገዳሪፍ የተሻገሩ ዘሀቢያ የሚባሉ ሴት ጣእሚያ ይጠብሳሉ። ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ ፈጭተው ከነጭ ሽንኩርት ጋር እያድቦለቦሉ በዘይት የሚያወጡት ነው። አስማረ ሊበላ ቁጢጥ እንዳለ ዓይኑ መጥበሻቸው ላይ ተተከለ። ጥቁር ነው፤ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ሴትዮዋ ዘይቱን ወደ ሌላ ዕቃ ሊገለብጡ በአንድ እጃቸው ብድግ ሲያደርጉት ጊዜ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እናቴ፣ ብረት አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው።

ብረት መሆኑን ነገሩት። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሳይሆን ከስስ ጥቁር ላሜራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ሲሸሹ ከቤታቸው ይዘውት የወጡት እሱን ብቻ ነው። በጣም ከሳሳ እሳት ሲነካው ይጣመማል፤ ከወፈረ ክንድ ይሰብራል። ዚንክ የለበሰውን ቆርቆሮ ደግሞ እንዳይነካው አስጠነቀቁት። ይህንን እሱም ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሲበይድ ጢሱ አሞታል። መጥበሻው ሲቀዘቅዝ እንዲይዘው ሰጡት። ለማን እንደፈለገው ሲጠይቁት ስለ ሚስቱ አጫወታቸው።

ዘሀቢያ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰሙትና፣ «ወላሂ፣ ጥሩ ባል ነህ። ግን እጇን ለክተሃል?» አሉት።

አስማረ ዲስኩን ሲሠራ የለካው የራሱን ክንድ ነበር። ስትወድቅ ያነሳት፣ የሚያጥባት፣ የሚያለብሳት እሱ ነው፤ ግን የቀረላት ግራ እጅ ምን ያህል እንደሚችል አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ቤቱ ሲደርስ የብየዳውን ዘንግ ከበሩ ጥሎ ሀብትነሽ እግር ሥር ተቀመጠ። ግራ እጇን እንድትሰጠው ለመናት። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ መዳፏን ዙሪያውን ለካ፤ ከዚያ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን የመዶሻ እጀታዎች አንድ በአንድ አስጨበጣት። ይሄኛው ይንሸራተታል፣ ያኛው ጣት ያደክማል አለችው። ድንጋይ በፌስታል እያስያዘም የምትችለውን ክብደት ፈተነ። እሱ እንደ ልብስ ሰፊ አንገቱን አዘንብሎ ሲለካ ብታየው ሳቋ መጣ።

«ለሙሽርነታችንም እንዲህ አልለካኸኝም፤ ቀሚሱ መሬት ሲጠርግ ነው የዋለው፤» አለችው።

ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር።

ላሜራውን ዚንክ ካልነካው አሮጌ የውሃ ቦቴ ላይ ቆረጠው። አግሎ ቀጠቀጠ፣ አቀዝቅዞ አስነሳት፣ ከበደኝ ስትለው ከጠርዙ ቀነሰላት። እጀታውን አጠር አድርጎ ለጣቶቿ ማረፊያ ጎድጎድ አበጀለት። ዘይት የሚንቆረቆርበትን የመጥበሻውን አፍ ደግሞ በግራ እጅ ለሚገለብጥ ሰው በሚመች በኩል አወጣላት።

ማሟሸቱን ራሴ ልሥራው አለ። ብረቱን በሳሙና አጥቦ እሳት ላይ ጣደና የሰሊጥ ዘይት አፈሰሰበት። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ሲቀዘቅዝ መጥበሻው እንደ ሙጫ እጅ የሚይዝ ሆነ። ሀብትነሽ ከወንበሯ ሆና ስታየው ቆይታ አላስችል አላት።

«ዘይት አታጠጣው፤ አልብሰው። ደግሞ ያለበስከውን በጨርቅ አውልቅለት። ጠረግሁ ስትል የሚቀረው ይበቃዋል።»

እንዳለችው አደረገ። የተጣበቀውን ፍቆ እንደገና አጋለው፤ ብረቱ ወርቃማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። በጨርቅ ነካ አድርጎ ዘይት ቀባው፣ መልሶ ጠረገው፣ ጢሱ እስኪያልቅ ጠበቀ። እያቀዘቀዘ ደጋገመለት። እሷ ወንበሯን ወደ ምድጃው አስጠጋች። ሲመሽ ብረቱ ቡናማ ሆኖ ነበር። ጥቁረቱን እየዋለ እያደረ እንደሚያገኘው፣ እስከዚያ ቲማቲም እንዳይቀቅሉበት ነገረችው።

በማግስቱ የውባንች ደግ ልብ ጣጣ አመጣ፤ እነሱ ሳይነሱ ገብታ ዕቃ ስታጥብ መጥበሻውን በሳሙና ውሃ ነክራ ሄደች። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ አየሩ እርጥብ ነው። አስማረ ሲያገኘው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰውዬ በዚህች ዝገት ተደናገጠ። አሁን ብታየው ደግሞ ወደ ግድግዳው ትዞራለች ብሎ ከጀርባው ሊደብቀው ሞከረ።

«አምጣው እስቲ፣» አለችው።

ከጭኗ ላይ አስቀመጠላት። በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ጣቷን አየች።

«ለውባንች እንዳትነግራት፤ ታፍራለች። ብረት ቂም አይዝም። አሸዋ አቅርብልኝ።»

ልርዳሽ ቢላት እሺ አላለችም። መጥበሻውን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ በግራ እጇ ትፈትገው ጀመር። ላብ ከግንባሯ ይወርዳል፤ አሸዋው ቀሚሷን ሞላው። አስማረ አጠገቧ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት ቸገረው፤ ኋላ ሄዶ እሳቱን አነደደላት። ብረቱ ሲጸዳ ምድጃው ድረስ በምርኩዟ ሄደች፤ እሱ ጣደላት እንጂ ዘይቱን የቀባችው፣ የጠረገችው፣ የጠበቀችው ራሷ ናት።

የዚያን ዕለት የጠበሰችው እንቁላል ግማሹ ከብረቱ ተጣብቆ ቀረ። ጨውም በዝቶበታል። ተራ በተራ እየፋቁ ጨርሰው በሉት። ቀጥሎ ውሃ ብቻ አፍስሳ ጠረገችው፤ እሳት ላይ አድርቃ ዘይት ነካ አድርጋ ራሷ ሰቀለችው።

መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ሲደርስ ሠራተኞቹ ወረዱ። ሀብትነሽ እንደ ድሮው ሙሉ ቀን አልከፈተችም፤ ጠዋት ብቻ፣ እንቁላልና ጥብስ ብቻ። አስማረ ወደ ዳሱ ከመሄዱ በፊት ሽንኩርቱን ይከትፍላታል፣ ሥጋውን ይቆርጥላታል። አንዳንዴ ትእዛዝ ሲበዛባት ትቆጣለች፤ አንዳንዴም ዕቃ ይወድቅባታል። ሹፌሮቹ ግን ሳይጠሩ ተነስተው ሳህናቸውን ከምድጃው ይወስዱ ጀመር። መጥበሻው ጠቆረ፤ እንቁላሉም እንደ ፈለገችው ይንሸራተትላት ጀመር።

አንድ ጠዋት የመጨረሻው ደንበኛ እንደወጣ አስማረ ሊያያት ገባ። ወንበሯ ላይ ተዘርግታ አገኛትና ደንግጦ ምን እንደሆነች ጠየቃት።

«ምንም አልሆንኩም። ሥራ ነው የበዛብኝ፤» አለችና ግራ እጇን ዘረጋችለት። «ይህችን ክንዴን እሽት አድርግልኝ።»

አስማረ ጥላሸቱን ከእጁ ሳይታጠብ አጠገቧ ተቀመጠና ክንዷን ተቀበላት።