ኮቴ የሌላት መኪና

ጋሼን ወደ መኪና መሸጫው ይዤ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። «ሴት ልጅ ብቻዋን መኪና ልትገዛ? ይሸውዱሻል!» ብለው አሮጌዋ መኪናዬ የፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የምንኖረውም አንድ ግቢ ነው። እኔ የመሬት ቀያሽ ነኝ፤ ስንቱን አፈ ጮሌ ተቋራጭ አፉን አስይዣለሁ። ጋሼ ፊት ስቆም ግን የቤት ሥራዋን ያልሠራች ተማሪ እሆናለሁ። ይሄ ነገሬ እኔኑ ያናድደኛል!

ሻጩ ሁለት ኤስዩቪ መኪኖች ጎን ለጎን አሳየን። መልካቸው ፍጹም አንድ ነው። አንዷ በቤንዚን ብቻ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ሃይብሪድ ናት፣ ቤንዚንም ባትሪም አላት። ማብራሪያውን ሁሉ የሚሰጠው ለጋሼ ነው። ገዢዋ እኔ፣ ፊቱ ወደሳቸው!

ትቼው የመለኪያ መሣሪያዬን ባለሦስት እግር መቆሚያ ከአሮጌዋ አወጣሁና በየተራ የኋላ ዕቃ መጫኛቸው ውስጥ አጋደምኩት። ሁለቱም በደንብ ያዙት።

«እንግዲያው ሃይብሪዷን» አልኩ። «መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቆሜ ቤንዚን የማቃጥለው ምን ቆርጦኝ ነው?»

«ኧረ ባክሽ! ባትሪዋ ቢሞትብሽስ?» አሉ ጋሼ።

«የስምንት ዓመት ዋስትና አላት» አለ ሻጩ።

«ሜዳ ላይ ብትገትርሽስ?»

«አሮጌዋስ በሳምንት ሁለቴ ትገትረኝ የለ?»

ሻጩ ሃይብሪዷን አስነስቶ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አላት። ጋሼ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ተነሳች?»

«እየሄደች እኮ ነው፣ አባቴ! በዝግታ ስትሄድ በባትሪ ስለሆነ ብዙም አትሰማም።»

የጋሼ ፊት ተለዋወጠ። «ኮቴ የላትማ! ታዲያ ስትወጪ ስትገቢ በምን እንሰማለን?»

አመለጣቸው። ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሽ፣ ዛሬ ደግሞ ሳይነጋ ወጣሽ» የሚሉኝ በአሮጌዋ ጩኸት ኖሯል። የተቀደደውን ጭስ ማውጫ ላሠራው ባልኩ ቁጥር «ተይው፣ ምን ያደርግልሻል» የሚሉኝም ለዚሁ ነው! እኔ ሞኟ ለኪሴ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ» አልኩ። ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። «ወንድምዎ የሞተ ሰሞን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው የመከሩኝ እርስዎ አይደሉ? ይኸው፣ ዝም ያለች መኪና እገዛለሁ!»

ሻጩ ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። «በማን ስም ይሁን?»

«በኔ!»

መኪናዋን በተረከብኩ ማግስት፣ ጠዋት፣ ዕቃዬን ጭኜ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ነዳሁ። የጋሼ መጋረጃ ንቅንቅ አላለም። ማንም ሳይሰማኝ መውጣት እችል ነበር። ለምን ብዬ? ሌባ ነኝ እንዴ? ወደ ኋላ መለስኳትና መስኮታቸው ሥር አቁሜ ጥሩንባዋን ሦስት ጊዜ አንባረቅኩት።

ጋሼ በውስጥ ልብሳቸው ብቅ አሉ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ወጣሁ፣ ጋሼ!» አልኩ በደንብ እንዲሰማ አድርጌ። «የምገባበትን ሰዓት ግን አይጠብቁ፤ እኔም አላውቀውም!»