ጋዝ ሲለቁት የሚጠፋ ሞተር

ሽማግሌውን መካኒክ፣ በአክብሮት አጎቴ የምላቸውን ሊያውን፣ በሰው ፊት «ነፍሰ ገዳይ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ጂንሸንግ አልሞተም፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተርፏል። እኔ ግን የዚያን ቀን ቃል የምመርጥበት ልብ አልነበረኝም። ቁርስ ቤቴ ደጃፍ ሰው የአኩሪ አተር ወተቱን ሊወስድ ተሰልፏል። እሳቸው ከመንገዱ ማዶ የጋራዣቸውን መዝጊያ ሊከፍቱ ጎንበስ ብለዋል። የእንቁላል ማገላበጫዬን እንደያዝኩ ተሻገርኩ።

«ሞተር ሳይክሉን ሠራሁ ብለህ ሰጠኸው! በሁለተኛው ቀን መስቀለኛው መንገድ መሀል ጋዝ ሲለቅ ጠፋበት! ጭነት መኪና በላዩ መጣበት! አንተ ነፍሰ ገዳይ!»

ከልጅነቴ ጀምሮ «እርስዎ» ስላቸው የኖርኩትን ሰው «አንተ» አልኳቸው። መዝጊያውን ከፍተው ገቡ።

ቤይጋንግ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከሞተር ይፈጥናል። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኛ ጠፋ። በአሥረኛው ቀን መዝጊያው ሳይከፈት ዋለ፤ ከዚያ ወዲያም አልተከፈተ። አርባ ዓመት የሠሩበት ቤት ነው። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ።

ጂንሸንግ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ዘንድ ተኛ። የሊያውን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ተይው እህቴ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን ግን ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ «ሊያው እንኳን እንዲህ አይሠራም፤ ልጁ ራሱ ተዝረክርኮ ይሆናል» አለች። ደሜ ፈላ። የሰውየውን ጥፋት በገዛ እጄ ከሞተሩ ሆድ አውጥቼ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጥኩ ብዬ ማልኩ። ያኔ ስለ ሞተር የማውቀው ቁልፉ የት እንደሚገባ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ከአደጋው ወዲህ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆሟል። ፊቱ ተጣሟል እንጂ ይነሳል። እኩለ ቀን ላይ ቁርስ ቤቱን ዘጋሁና ስልኬን የዱቄት ጣሳ ላይ አስደግፌ፣ አንድ ጎረምሳ መካኒክ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ ከፍቼ ጀመርኩ። ጋዝ ስሰጠው እንደ ጤነኛ ይጮሃል። ጋዙን ስለቅ፣ መካኒኮቹ ሚኒሞ በሚሉት ላይ፣ ማለትም ቀስ ብሎ በራሱ መሥራት ሲገባው፣ ሁለቴ ያስልና ጭጭ ይላል።

በመጀመሪያው ቀን የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁ። አዲስ ነው፤ ጫፉም ንጹህ ነው። በሁለተኛው ቀን ነዳጁን ብርጭቆ ውስጥ አንጠባጥቤ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። በማግስቱ ደንበኞቼ እንቁላሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብለው አጉረመረሙ። ሦስተኛው ቀን የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ሽማግሌው አጥበው አድርቀውታል። ሚኒሞውን በካቻቢቴ ከፍ ላደርግ ስል ደግሞ ብሎኑ ቀድሞውኑ ከፍ ብሏል፤ ቀለም ቀብተው ምልክት አድርገውበታል። የነካሁት ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ይኼም አናደደኝ። ሰው ወንጀለኛ አገኛለሁ ብሎ ቆፍሮ የተጣጠፈ ንጹህ ልብስ ሲያገኝ ያናድዳል።

በአራተኛው ቀን ጎረምሳው አንድ ነገር አለ፤ የሆነ ቦታ አየር ሾልኮ የሚገባ ከሆነ፣ ጋዝ ሲሰጡት አይታወቅም፣ ሲለቁት ግን ይጠፋል። ሞተሩን አስነስታችሁ ቱቦዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ እርጩ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው ነገሩ።

ምጣድ የምጠርግበትን መርጫ አመጣሁ። በአንድ እጄ ጋዝ ይዤ በሌላው ረጨሁ። ከፊት ምንም የለም። በቀኝ ምንም የለም። በግራ በኩል፣ ወንበሩ ሥር፣ ድምፁ እንደታነቀ ሰው ዝቅ አለ። እንደገና ረጨሁ፤ እንደገና ዝቅ አለ። «ያዝኩህ ሽማግሌ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ወንበሩን አነሳሁና በስልኬ መብራት አየሁ።

ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ጀርባ የጣት ያህል የማትወፍር የጎማ ቱቦ አለች። ቱቦዋ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ክሩ ጎማውን እንደ ቢላ በልቶታል። በክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ ከረጢት ተንጠልጥላለች።

ስፌቱ የኔ ነው።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። በጸደይ ጠባቂ አምላካችን ከምንላት ከማዙ ቤተ መቅደስ ክታብ አምጥቼ፣ በቀይ ጨርቅ ሰፍቼ ለጂንሸንግ ሰጥቼው ነበር። «የአሮጊት ነገር» ብሎ መለሰልኝ። እኔ መች የምሸነፍ ሰው ነኝ! ገላውን ሲታጠብ ጠብቄ ወንበሩን አነሳሁና ለማሰሪያ የምትመች ቀጭን ነገር ፈለግኩ። እንዳይወድቅ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት፤ በጥርሴ ጎትቼ አጠበቅኩት። ቱቦዋ ለምን እንደምትጠቅም አልጠየቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እፎይ ብዬ እተኛ ነበር።

ወንድሜን ከአደጋ እንድትጠብቅ ያሰርኳት ነገር መስቀለኛው መሀል አቆመችው። በኋላ ዓይኔ ሲገለጥ፣ ከክሩ ዙሪያ ጥቁር ፕላስተር አየሁ፤ በሙቀት ቀልጦ ተላቋል። እሱን እኔ አልጠቀለልኩም።

ክሩን ቆርጬ፣ ቱቦዋን ነቅዬ መንገዱን ተሻገርኩ። አጎቴ ሊያው ከተዘጋው ጋራዥ ጓሮ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ቱቦዋንና ክታቡን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«አራት።»

«ለጀማሪ አይከፋም።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሞተሩን ያመጣ ቀን አይቼዋለሁ። ቱቦው ክሩ ሥር ተሰንጥቋል። ለመቀየር ክሩን መቁረጥ ነበረብኝ። የማዙን ክታብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እቆርጣለሁ እንዴ? ፕላስተር ጠቀለልኩበትና ሚኒሞውን ከፍ አደረግኩ። ፕላስተር ያን ሙቀት እንደማይችል አርባ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ቀን ይይዛል ብዬ ነው። የኔ ጥፋት ይቺ ናት።»

«ባለቤቱን አይጠይቁም ነበር?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ማንን?»

«ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ስጮህብዎትስ ለምን ዝም አሉ? ለምን አልነገሩኝም?»

አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ አፋቸው ውስጥ ጣሉ። «ወንድሟ ሆስፒታል ለተኛባት ሴት ‘የገዛ እጅሽ ነው’ ይባላል? አንቺ ልጅ፣ የጭንቅላትሽም ቱቦ ተነቅሏል እንዴ?»

ቤት ስገባ ጂንሸንግ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ቴሌቪዥን ያያል። እጄ ላይ ያለውን ሲያይ ድምፁን ዘጋው።

«አይቁረጡት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ፣ ሳልጠይቀው።

«ስሰጥህ የአሮጊት ነገር ነው ብለህ መልሰህልኝ የለ!»

«ጓደኞቼ ፊት እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳያሳፍረኝ ነዋ። አጎቴ ሊያው ወንበሩን አንስተው ሲያሳዩኝ ግን ያ የተንጋደደ ስፌትሽን አወቅኩት። ተደብቀሽ አስረሽልኛል። እንዴት ብዬ ቁረጡት ልበል? ‘እህቴን ነግሬያት እመለሳለሁ፤ ራሷ ትፍታው’ አልኳቸው። ከዚያ ረሳሁት።»

«ከሆስፒታል ከወጣህ በኋላስ? ሰውየው ቤታቸውን ሲዘጉ እያየህ?»

«እንዲህ እንዳትሆኚ ነው» አለና በአገጩ ፊቴን አሳየኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም። ለእኔ ብለው ሁለቱም ዝም ብለዋል፤ በዝምታቸው ውስጥ ግን የተጎዱት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ሰልፉ እስኪረዝም ጠበቅኩ። ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ መንገዱ መሀል ወጣሁ፤ ያን ቀን የጮህኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንዷ «እንቁላሌስ?» አለች።

«ክታቡን ሞተሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቱቦውን የቆረጠው የኔ ክር ነው። አጎቴ ሊያው… ነፍሰ ገዳይ ያልኳቸው በሐሰት ነው።»

ድምፄ እንደ ትንኝ ነበር። ሰልፉ ውስጥ «ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ። ከማዶ የጋራዡ መዝጊያ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለና እዚያው ቆመ። ከመዝጊያው ሥር የሽማግሌው የላስቲክ ጫማ ይታያል። እንባዬ መጣ፤ ወደ ቤት ልመለስ ዞርኩ።

ጂንሸንግ በክራንቹ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«ጮክ በይ እህቴ!» አለኝ። «ያን ቀን እስከ ወንዙ ማዶ ተሰምተሽ የለ? ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ተመልሼ ዞርኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።