በጣሳው ልክ

እህቴ ሰው መናቅ ትችልበታለች። ሌላው ሰው ሲንቅ ይሳደባል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ጀርባውን ይሰጣል። እሷ የናቀችውን ሰው በትሕትና ታስተናግደዋለች። የሚያውቃት ሰው ትሕትናዋን ሲያይ ኮቱን አንስቶ ይወጣል።

ታላቄ ናት። ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ የገባችው በልጅነቷ ነው፤ መጀመሪያ ከአጃቢዎቹ ጋር ከኋላ ቆማ፣ ቀጥሎ ዋናዋ ተዋናይት ስትታመም በእሷ ቦታ ተተክታ፣ ከዚያ ቦታውን ጠቅልላ ይዛው። የመጨረሻውን ከፍ ያለ ድምፅ ስትይዘው፣ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች አብረዋት ትንፋሻቸውን ሲይዙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ጣሳው መጣ።

ተመልካቹ «ጌታው» ነበር የሚለው። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ፊቱ ለግድግዳ ማስታወቂያ የተፈጠረ ሰው። «ጣሳው» ያለችው እህቴ ናት፤ ጩኸት እንጂ ውስጡ ምንም የለም ለማለት። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የጋራ ዘፈናቸው ከፍ ሲል እሱ እታች ቀረ። አዘጋጁ ፒያኖ ተጫዋቹን «እስቲ ትንሽ ዝቅ አርገው» አለው። ዝቅ ተደረገ። አሁንም አልደረሰበትም። እንደገና ዝቅ ተደረገ።

«እኔስ?» አለች እህቴ።

«አንቺማ የትም ሆነሽ ትዘፍኛለሽ» አላት አዘጋጁ። «ሸክሙ እሱ ነው።»

በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቲያትር ሁሉ ፍቅረኛዋ እሱ ሆነ፤ ዘፈኑም ሁሉ በጣሳው ልክ ተሰፋ። ሰው ከመድረክ ውጪም የሚዋደዱ ይመስለው ነበር። እንዲያውም መንገድ ላይ አስቁመው «ጌታው ደህና ነው?» የሚሏት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱ ግን ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ቆመው መልእክት የሚለዋወጡት በልብስ አልባሿ በኩል ነበር።

«ቀሚሴን እንዳይረግጥ ንገሪው» ትላለች እህቴ።

«እሷም ከመንገዴ ላይ ዘወር ትበል በያት» ይላል እሱ።

የሚተቃቀፉበት ትዕይንት ሲደርስ ሆን ብሎ ጥሬ ሽንኩርት በልቶ ይመጣል። እሷ ትንፋሿን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። ተመልካቹ በፍቅር የሰከረች መስሎት ያጨበጭባል።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የምንኖረው አብረን ነው። ሳሎን ገብታ ጫማዋን እንዳወለቀች የምትለው ያው ነበር። «እሱ ባይጫንብኝ የት በደረስኩ።»

«ታዲያ ሌላ ቲያትር ቤት ለምን አትሄጂም፣ እትዬ?»

«ለእሱ ለቅቄለት?»

በመጨረሻ ጉልበቱ ከዳውና መድረኩን ተሰናበተ። በስንብቱ ዝግጅት ላይ አዘጋጁ አለቀሰ፣ ልብስ አልባሿም አለቀሰች። እህቴ ተነስታ እንድትናገር ተጋበዘች። «ከእሱ ጋር በመዝፈኔ ዝቅ ማለትን ተምሬአለሁ» ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ ስለ ትሕትናዋ ቆሞ አጨበጨበላት። እሱ ብቻ ገብቶት ከተቀመጠበት አጎነበሰ።

በዚያው ዓመት ከጣሳው ጋር መጀመሪያ የሠሩት ቲያትር እንደገና ሊታይ ተወሰነ። አብሯት የሚጫወተው ድምፀ መልካም ወጣት ነበር። ከልምምድ ልወስዳት ሄጄ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ፒያኖ ተጫዋቹን «ዛሬ እንደተጻፈው ነው፤ ዝቅ አይደረግም» ስትለው ሰማኋት።

አጀማመሯ ያምር ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። «ጉሮሮዬ ደርቆብኝ ነው» ብላ ውሃ ጠጣችና እንደገና ጀመረች። አሁን ደግሞ የወጣው አየር ብቻ ነበር። አጃቢዎቹ ጣራውን ማየት ያዙ።

ወጣቱ ጠጋ አለና «ትንሽ ዝቅ ቢደረግ ለእኔም ይመቸኛል፤ ከፈቀዱ» አላት።

ውሸቱን ነበር። እሱ ያን ድምፅ እያፏጨ ሊያወጣው ይችላል። እህቴ በጣም አመሰገነችው።

መኪና ውስጥ ስንገባ «ድምፄን በላው» አለች።

«ማን?»

«ማን ሊሆን ነው? ጣሳው ነዋ። ይሄን ሁሉ ዘመን እታች አስሮኝ።»

«ቤት ውስጥስ ማን አሰረሽ? ከፍ አድርገሽ ስትለማመጂ ሰምቼሽ አላውቅም።»

«አንቺ ክኒን ከመቁጠር ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ተኳረፍን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ወደ ጣሳው ቤት ውሰጂኝ አለችኝ። የት እንደሚኖር እንኳ አታውቅም ነበር፤ ልብስ አልባሿን ደውላ ጠየቀች።

ከልጁ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ጉልበቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ክርኑ ላይ የተበሳ ሹራብ ለብሶ አገኘነው። ልጁ ወንበር ሰጥታን ወደ ማድ ቤት ገባች።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው እህቴ ሳትቀመጥ። «ላይኛው ድምፄ ጠፍቷል።»

«ዛሬ ነው የጠፋው?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የልብስ መቀየሪያ ክፍላችን የሚለየው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። ብቻሽን ስትሞክሪው እሰማሽ ነበር። ስንት ዓመት ሆነው ከተሰነጠቀ። እኔ ያኔ ተምሬ ልደርስበት ጀምሬ ነበር። አዘጋጁ ዘፈኑን ከፍ እናድርገው ሲለኝ አልችልም አልኩት።»

እህቴ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ላንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ» አለ። «አንቺ ከወደቅሽ ይዘሽኝ ነው የምትወድቂው። ደግሞ አንቺም ታውቂ ነበር። ባታውቂማ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ዘፈኑ ከፍ ይደረግልኝ ብለሽ ትጠይቂ ነበር።»

ትወረውርበታለች ብዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አነሳሁት። እሷ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «ሽንኩርቱስ?» አለችው።

«እሱማ ከልቤ ነበር።»

ያኔ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባትና ልጁ ውሃ ይዛ መጣች።

በማግስቱ ቲያትር ቤት ሄዳ የዋናዋን ተዋናይት ቦታ ለሌላ ስጡት አለቻቸው። ለራሷ የመረጠችው ማንም የማይፈልገውን፣ ፍቅረኞቹን ከነሻንጣቸው የምታባርረውን ክፉ አከራይ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ አላት፣ ያውም እታች የሚያጉረመርም። አንገቷን አቅንታ፣ ወጣቱን ከጫማው እስከ ፀጉሩ በዓይኗ መዝና «ደህና ይዋሉ» ስትለው፣ ተመልካቹ ገና ሳትዘፍን በሳቅ ይፈርሳል። ያን አስተያየት ማንም አላስተማራትም። እኔ ሳሎን ውስጥ ሙሉ ዕድሜዬን በነፃ አይቼዋለሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ጣሳውን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ስትመለስ «እንዴት ነው?» እላታለሁ።

«ብሶበታል» ትለኛለች። «ዛሬማ ጭራሽ ሲዘፍን ነው ያገኘሁት።»