ለሁሉም በአንድ ጠዋት

መጽሐፍ ጠራዡ የሚሠራበት ቤት ሊፈርስ ነው ተባለ። ከሦስት መቶ ደንበኞቹ እጁ ላይ ያለው ኢሜይላቸው ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ኢሜይል አስከፍቶ የሚዛወርበትን ቦታ ላከላቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሰምቶ እንዳይቀየም ብሎ፣ ለሁሉም በአንድ ጠዋት ላከ። ሳምንት ሙሉ ማንም አልመለሰለትም።

ሴት ልጁ መጥታ ስልኳን ከፈተች። ለእሷ የላከውን መልእክት እንኳ ያገኘችው አይፈለጌ በሚባለው ሣጥን ውስጥ፣ "ሎተሪ ደርሶዎታል" ከሚሉት መካከል ተወሽቆ ነው።

"አባዬ፣ አዲስ አድራሻ እኮ እንደ አዲስ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ ለአምስት ለስድስት ሰው ትልካለህ፤ እነሱ ሲመልሱልህ ትታመናለህ። አንተ ገና ከመግባትህ የሰፈሩን በር ሁሉ ደበደብክ።"

"አርባ ዓመት ያውቁኛል።"

"እነሱማ ያውቁሃል። መልእክት የሚያጣራው ማሽን ነው የማያውቅህ።"

"እና ሽማግሌ ልላክበት?"

ልጁ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። "ማንን ይቅርታ እንደምጠይቅ ንገሪኝ።"

"ሰው እኮ የለም፣ አባዬ። ቀስ እያልክ መልመድ ነው፤ ወራት ይፈጃል።"

ቤቱ የሚፈርሰው ቅዳሜ ነበር። ጠራዡ አዲሱን ቦታ በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ሊለጥፍ ሙጫውን አነሳ። በሩም አብሮ እንደሚፈርስ ትዝ ሲለው መልሶ አስቀመጠው።