በጭድ ተራ የተተከለ ወንበር

ውብሸት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀ ማግስት፣ አባቱ መሪጌታ ኃይለመለኮት ከጭድ መሸጫቸው ደጃፍ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ ባለ መደገፊያ ወንበር አኖሩ። ዘመኑ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። መሪጌታ በጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ደቀ መዛሙርታቸው አንድ በአንድ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቢኮበልሉባቸው፣ ጉባኤያቸውን አጥፈው መርካቶ የገቡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከልጃቸው በቀር ማንም የላቸውም። በእርሳቸው ሥርዓት ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ወንበር ይተክላል፤ ተማሪም ወሬውን ሰምቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየአገሩ ይመጣል።

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው የተራው ተሸካሚ ጥጋቡ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ቆቡን አወለቀ።

«የኔታ፣ ፀጉር ቤት ከፈቱ? ከኋላ ያሳጥሩልኝ፤ ከፊት ይተዉት።»

የተራው ሰው አውካካ። መሪጌታ አልሳቁም።

«ተነሥ! የመምህር ወንበር ነው።»

«መምህሩ ማን ነው?»

«ልጄ።»

ውብሸት አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ የእኔ ትምህርት ወንበር የለውም።»

«ያስተማሩህ ቆመው ነበር?»

«ቆመው ነበር።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ደክሟቸዋል። አንተ ተቀመጥ።»

ውብሸት ግን አልተቀመጠም። አንዲት የግጥም መስመር ይዘው እስኪመሽ አብረውት ይከራከሩ የነበሩት ጓደኞቹ ከባንክ እስከ አየር መንገድ ተበትነዋል፤ አንዱ ብቻ ሊያስተምር ጅማ ወርዷል። እርሱ አባቱን ጥሎ ሩቅ አገር መሄድ ስላልሆነለት፣ ሶማሌ ተራ ለሚነግደው ለቆዳ ነጋዴው ለቡርሃን የእንግሊዝኛ ደብዳቤና ቴሌግራም ሊጽፍ ተቀጠረ።

የመጀመሪያው ሥራው ወደ ኤደን ወደብ የሚላክ ቴሌግራም ነበር። ሐረጉን መዝኖ፣ ሰላምታውን አሳምሮ አቀረበ። ቡርሃን ወረቀቱን አገላበጠው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ቴሌግራም እኮ የሚከፈለው በቃል ብዛት ነው! ይሄ ረጅሙ ምን ይላል?»

«‹በታላቅ አክብሮት› ይላል፣ ጋሼ።»

«ሰውዬው አክብሮት አላዘዘም፤ ቆዳ ነው ያዘዘው። አውጣው!»

አወጣው። ‹እባክዎ›ም ተከትሎ ወጣ። በመጨረሻ ቆዳው መጫኑንና ገንዘቡ መፈለጉን የሚናገር አጥንት ብቻ ቀረ።

«ወላሂ፣ ዲግሪ ማለት ይሄ ነው!» አለ ቡርሃን፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። ምስጋናው ከልብ ነበር፤ ስለዚህም ውብሸትን ይበልጥ ከበደው።

ሐምሌ እንዲህ አለቀ። ውብሸት የሚያሳጥረው ቃል አላጣም፤ የሚያካፍለው ሰው አጣ እንጂ። ማታ በሰው መካከል ሲመለስ የሚጋፋው ትከሻ ብዙ ነው፤ በልቡ የያዘውን መስመር የሚሰማለት ጆሮ ግን የለም። ሰሚ ያላገኘ ቃል እንደ ታቆረ ውኃ ነው፤ ውሎ አድሮ ይሸታል።

ነሐሴ በገባ በአንድ ዓርብ ዝናቡ ገበያውን ቀድሞ በተነው። ውብሸት ከጭድ መሸጫው ደጃፍ ሲደርስ ወንበሩ እንደ ተተከለ ነው። አባቱ ግን ከወንበሩ ፊት፣ መሬት ላይ፣ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል።

«አባባ! ምን ሆነው ነው?»

«ተማሪ አልመጣም። ከተተከለ በኋላ ወንበር ያለ ተማሪ መክረሙ ነውር ነው። ተቀመጥ።»

«እንግሊዝኛ አይሰሙም እኮ!»

«አንተስ ቅኔዬን ትሰማለህ? ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ። ከማዶ የተጠለለው ጥጋቡ «መቀሱን አቀብሉት!» ብሎ ጮኸ፤ የሳቀለት አልነበረም። ውብሸት ከልቡ የማይጠፋውን የእንግሊዝኛ ግጥም ጀመረ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ድምፁን ከዝናቡ በላይ አንሥቶ። አንድም ቃል አላጎደለም። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያለ ቦታው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ሲፈጽም ዓይናቸውን ገለጡ።

«አልገባኝም» አሉ። «ድገመው።»