አንደኛው ግራ ተከላካይ ሳይገባ

ደረጃው በተለጠፈ ማግስት፣ በግራ መስመር ተከላካይነት ሁለተኛ የወጣው ደርበው መንግሥቴ ከመኝታ ሕንፃው መውጣት አልቻለም፤ አንደኛ የወጣው እንድሪስ ሙሄ ገና አልወጣም ነበርና። የደርበው እግር የበሩ ደፍ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የከለከለው ነገር አልነበረም፤ ሕመምም አልተሰማውም። እግሩ የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ በጨዋነት ቆመ። ከኋላው ሦስተኛው ቆመ፤ ከሦስተኛው ኋላ ደግሞ አራተኛው። እንድሪስ ፎቅ ላይ ተኝቶ ነበር።

«ቀስቅሱት እንጂ!» አለ አራተኛው።

«አንደኛ የወጣ ሰው ይቀሰቀሳል እንዴ?» አለ ሦስተኛው።

እንድሪስ በመጨረሻ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ፤ ሰልፉን አይቶ ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠይቆም ወጣ። ከዚያ ሁሉም በየተራቸው ወጡ። ቁርስ አልፏቸው ነበር።

በዩኒቨርሲቲያችን የክለብ መልማዮች ከመምጣታቸው አስቀድሞ፣ የስፖርት ኮሚቴው ተጫዋቾችን በሚጫወቱበት ቦታ ለይቶ ደረጃ ማውጣቱ የቆየ ልማድ ነው። በረኞች ከበረኞች፣ አጥቂዎች ከአጥቂዎች፣ የግራ ተከላካዮችም ከግራ ተከላካዮች ጋር ይመዘናሉ። መልማዮቹ ከየቦታው አንድ ሰው ብቻ ይወስዳሉ፤ የቀሩት ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ይሰለፋሉ። በቀደሙት ዓመታት ደረጃው ሰሌዳ ላይ የሚቀር ነገር ነበር። ዘንድሮ ከሰሌዳው ወደ እግር ወረደ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ምዘናው ምን ያህል ጥራት እንደነበረው ማሳያ ነው አሉ።

እኔ የደርበው የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነኝ። የምማረው ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ በየትኛውም ቦታ አልጫወትም፤ ስለዚህም ደረጃ አልነበረኝም፤ በሮች ሁሉ ክፍት ነበሩልኝ። በዚያ ሰሞን ይህን እንደ ጸጋ የቆጠረው አንድም ሰው አልነበረም።

ሕጉ ቀላል ነበር። አንደኛው አንድ ጊዜ ያለፈበት በር ለተከታዮቹ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ያላለፈበት በር ግን ለማናቸውም አይሆንም። እንድሪስ ደግ ልጅ ነው፤ ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በየበሩ ሲገባና ሲወጣ ሰነበተ። ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተላቸው፤ ክሊኒኩን ከፈተላቸው፤ ጸጉሩን ሳይቆረጥ ጸጉር ቤት ገብቶ ወጣ። አርብ ቀን መስጊድ መሄዱ ልማዱ ነበር፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ለደርበው ሲል የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር አልፎ፣ ከጥዱ ሥር ጥቂት ቆሞ ተመለሰ። «ለእኔም ጸልይልኝ» አለው ሲወጣ። ደርበውም ገባ።

የመልማዮቹ ቀን ሊደርስ ሲል የደርበው አጎት ጋሼ ምስጋናው ስልክ ደወሉ። የደርበው እናት ወይዘሮ ዘርፌ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ አሁን ግን እህል መቅመስ አቁመዋል። «ቶሎ ድረስ፤ ስምህን እየጠራች ነው» አሉ። በዚያ ቤት በር እንድሪስ አልፎ አያውቅም።

ሦስታችን ወደ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ሄድን። ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ለአንድ ቀን ብቻ ደረጃውን ቢያነሡልኝ» አለ ደርበው።

«እኔ አወጣሁት እንጂ አልያዝኩትም» አሉ። «ደረጃ የሚለወጠው ከፊት ያለው ከልቡ ሲለቅ ብቻ ነው።»

«እኔ እኮ እለቃለሁ» አለ እንድሪስ ወዲያው።

አቶ ልሳነወርቅ በአገጫቸው ወደ ጓዳቸው አመለከቱ። የሻይ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነበር፤ እንድሪስ ገብቶበት አያውቅም። እንድሪስ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱም በርቶ «ደርበው፣ ቅደም» አለ። አባባሉ እንከን አልነበረውም፤ ጥሩ አስተዳደግ ያየ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። የደርበው እግር ደፉ ላይ ቆመ።

«አያችሁ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «የአፉን አንቆጥርም።»

እንድሪስ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያም፣ በእውነት ደግ ስለሆነ፣ «ችግር የለም፤ አብሬህ እሄዳለሁ። እኔ ቀድሜ ገብቼ በሩን እከፍትልሃለሁ» አለ። ደርበው አቀፈው። ይህ ለሁሉም የሚበጅ መፍትሔ ነበር፦ ደርበው እናቱን ያያል፤ እንድሪስም አንደኛ እንደሆነ ይቆያል።

አርብ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። እንድሪስ አስቀድሞ ወጣ፤ ደርበው ተከተለ። የግቢውን በርም እንዲሁ እንድሪስ አስቀድሞ አለፈ፤ ማንም ልብ አላለም። የቤቱ በር ግን ሌላ ነበር። ጎረቤቶች በረንዳው ላይ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ምስጋናው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እንድሪስ አንገቱን ደፋ አድርጎ እጅ ከነሣ በኋላ ወደ ደፉ ሲራመድ፣ አጎትየው መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉበት።

«ወዴት ነው ልጄ? ልጇ ቆሞ?»

«ጋሼ፣ እሱ ካልገባ እኔ መግባት አልችልም» አለ ደርበው።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ ይሉኝታ ነው? እናትህ እኮ ናት!»

«ይሉኝታ አይደለም። እሱ አንደኛ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ።»

«በምን?»

«በግራ ተከላካይነት።»

ጋሼ ምስጋናው ጎረቤቶቹን ዞር ብለው አዩ። ጎረቤቶቹም መሬት መሬቱን አዩ። «እዚህ ቤት አንደኛ እሷ ናት» አሉ አጎትየው። «ከእሷ ቀጥሎ አንተ። ባዳ ቀድሞ ገብቶ ዓይኗን እንዲያያት አልፈቅድም። ነውር ነው።»

«አልጋዋን ወደ በረንዳው ብናወጣውስ?» አልኩ።

«በቁሟ ልታስወጧት?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ሌላ ሐሳብ ያቀረበ ሰው አልነበረም። እንድሪስን መዳፉ አልያዘውም ነበር፤ ገፋ ቢያደርግ ሽማግሌው ይለቁ ነበር። ግን ሽማግሌ ገፍቶ የታመመች ሴት ቤት የሚገባ ልጅ ሆኖ አላደገም። እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ቆመ።

እኔ ብቻዬን ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አላየኝም ማለት ይቀላል።

ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ቃላቸው ጥርት ያለ ነው።

«ማን መጣ?»

«ደርበው መጥቷል፣ እማማ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ደጅ ቆሟል።»

«ምን ይሠራል ደጅ?»

ያጠናሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት አልጠቀመኝም። «ሰው እያስቀደመ ነው» አልኩ።

ፊታቸው ላይ የነበረው መሸብሸብ ሁሉ ለሰለሰ። «ጎሽ» አሉ። «አሳድጌዋለሁ።»

ከደጅ የሁለቱ ልጆች ንግግር ይሰማ ነበር።

«ደርበው፣ ቅደም።»

«እግሬ አይሄድም። ከልብህ በል።»

«ከልቤ ነው።»

«በሩ አይደለም ይላል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ማርያምን፣ አላህን፣ ከልቤ ነው!»

«ሁለቱንም አትጥራ። ዝም ብለህ ተወው።»

ከዚያም እንድሪስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ከነገ ወዲያ እኮ ነው፣ ደርበው። አንድ ሰው ነው የሚወስዱት። እኔም ቤት የምትጠብቅ አለች» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ደርበው። «የእኔ ግን መጠበቅ እየደከማት ነው።»

ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው፣ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው፣ በሩ ወዳለበት አቅጣጫ መዳፋቸውን ከፈቱ። መዳፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከእግራቸው በኩል የተቀመጠችው እህታቸው ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም ጮኸች።

ስወጣ ደርበው እንደቆመ ነበር። እንድሪስ ጩኸቱን ሰማ፤ ደርበውን አየው፤ እጁን አልዘረጋም፤ ፈገግ አላለም፤ ከንፈሩ ራሱ በቅጡ አልተከፈተም። «ቅደም» አለ። ቃሉ ያው ቃል ነበር። የደርበው እግር ደፉን አለፈ፤ ምንም እንዳልነበረ ሁሉ፣ እንደማንኛውም ልጅ እግር ወደ እናቱ ቤት ገባ።

በማግስቱ ቀብር ሆነ። በዚያው ዕለት ሰሌዳው ላይ የሁለቱ ስም ቦታ ተለዋውጦ ተገኘ። የሰሌዳው መስተዋት ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉም የነበረው በአቶ ልሳነወርቅ ኪስ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ አቶ ልሳነወርቅ በዩኒቨርሲቲው መኪና ለቅሶ ቤት ድረስ መጡ። ደርበው ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ነበርኩ። ሰብሳቢው ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ፤ ለወጉ የሚበቃ ያህልም ዝም አሉ።

«መልማዮቹ ደርሰዋል» አሉ ከዚያ። «ስታዲየሙ የተከፈተው ዛሬ ነው፤ አንተ በሩን ስላላለፍክ ከግራ ተከላካዮቹ አንድም የገባ የለም። ቡድኖቹ በግራ በኩል ባዶ ናቸው። አንደኛ ነህ እኮ! አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከፈለግህ ደግሞ አትጫወት፤ አንድ እግርህን ከበሩ አሳልፈህ ትመለሳለህ። መኪና ይዣለሁ።»

«እናቴም የፈለገችው አንድ እግር ነበር» አለ ደርበው።

«እንድሪስስ? ምን በደለህ?»

«ምንም። ዘገየ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ልቀቅላቸው። ቅደሙ በላቸው፤ እኔ መልእክቱን አደርሳለሁ።»

ደርበው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። «ቅደሙ በሏቸው» አለ፣ በጣም በትሕትና።

አቶ ልሳነወርቅ ፊቱን ፊቱን አዩት። «ከልብህ ነው?»

«ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው የምለው።»

ሰብሳቢው ጫማቸውን አደረጉ። ወደ ከተማ ስለሚመለሱ እኔንም አሳፈሩኝ። በመንገድ ላይ እኔ ወግ መጀመሪያ ቃል እፈልግ ነበር፤ እሳቸው የሚያስቡትን አላውቅም።

ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። የግራ ተከላካዮቹ በተጫዋቾች መግቢያ ፊት ለፊት፣ ማልያቸውን ለብሰው፣ ታኬታ ጫማቸውን አሥረው ተሰልፈዋል። አቶ ልሳነወርቅ መልእክቱን ነገሯቸው። እንድሪስ ከሰልፉ ፊት ስለነበር እግሩን አነሣ፤ እግሩም ደፉ ላይ ቆመ። ማንንም አልገረመም። እንድሪስ ለሦስተኛው «ቅደም» አለው፤ ያን ቃል ከልብ ማለት አንዴ ከለመደ በኋላ በሌላ መንገድ ማለት አቅቶታል። ሦስተኛው ቀድሞት ቆመ። ከዚያ ለአራተኛው አለ፤ ከዚያም ለተከታዩ። እንዲህ እያለ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ፤ ጭራው ላይ ሲደርስ የሚያስቀድመው ተጫዋች አጣ። ገመድ የምትጎትት አህያ በመንገዱ ስታልፍ ከመንገዷ ዘወር አለላት።

እኔ በሩን አልፌ ገባሁ። ተመልካቹ መሳቅ ከጀመረ ቆይቷል። «ይሄ ቡድን ግራ እጁን ቤት ረስቶ መጣ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ቀኝም ብዙ አልሠራም!» ይላል ሌላው። መልማዮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ በባዶው በኩል ያለው ሣር አንድም ጫማ ሳይረግጠው ለምልሞ ይታያል፤ ከመካከላቸው አንዱም ዓይኑን ከሣሩ አልነቀለም። ኳሱ በቀኝ ይሄዳል፤ በመሀል ይሄዳል፤ ወደ ግራ የሚመታው ሰው ግን አልነበረም፤ የሚቀበለው የለምና።

ከዕረፍት በፊት አንድ አማካይ፣ ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል፣ ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ግራ ረጅም ኳስ መታ። ኳሱ ማንም በሌለበት አረፈ፤ መስመሩን አልፎ፣ የሩጫውን ትራክ አቋርጦ፣ ወደ ተጫዋቾቹ መግቢያ ተንከባለለ። የሚያስቆመው አልነበረም። ደፉ ዘንድ ሲደርስ ራሱ ቆመ።

ከበሩ ማዶ የግራ ተከላካዮቹ እርስ በርሳቸው በትከሻ በመዳፍ እየተነካኩ ነበር። «ቅደም።» «ኧረ አንተ ቅደም።» «በፍጹም! አንተ እያለህ?» ከጭራው እንድሪስ አንገቱን አስግጎ ኳሱን ያያል።

ኳሱ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያም ነፋስ ሳይኖር፣ ሰው ሳይነካው፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ከበሩ መሀል ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።